ክንድ ውስጥ ያስገባነውን ማን ያውጣው?

ሰሞኑን በአንድ የጤና አፈጻጸም ግምገማ መድረክ የቤተሰብ ዕቅድ ተራ ደረሰና በክንድ ስለሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ ተነሳ። መድረኩን የመሩት ኃላፊ ነገሩን በአጭሩ ዘጉት፤ አገልግሎቱ በየቀበሌው ደጃፍ በነጻ አለ፣ ሴቶቹ ግን ጊዜው ሳይደርስ አውጡልን እያሉ ያስቸግራሉ፣ ይህም የግንዛቤ እጥረትና የመንደር ወሬ ያመጣው ነው አሉ። ወዲያው አቅጣጫ ተቀመጠ፦ የግንዛቤ ማስጨበጫው ይጠናከር፣ ያለጊዜው የሚወጣው ቁጥር ይቀንስ። ተጨበጨበና ለሻይ ተወጣ።

«የግንዛቤ እጥረት» ምን የማይሸፍነው ገመና አለ? መሥሪያ ቤት ያልሠራውን ሥራ ሁሉ ሕዝቡ አላወቀም ብሎ የሚያስመዘግብበት ዓምድ ሆኗል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቃሉ ከስንፍናም አልፎ ነውር ነው። ያለጊዜው የሚወጣውን ቀንሱ የሚለው መመሪያ ከአዳራሹ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚኖረው፤ ስትመጣ መልሷት።

ከሁሉ የሚደክመው «በየቀበሌው ደጃፍ አለ» የሚለው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ደጃፍ ላይ ያለው ማስቀበሩ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኢምፕላኖን የተባለውን በክንድ የሚቀበር ዘንግ በጤና ኬላ እንዲቀብሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። መቅበር ቀላል ነው፣ ማውጣት ግን ቆዳ መቅደድ ይጠይቃል ተባለ። ለጅምር ይሁን እንበል። ይሁንና በጤና አደረጃጀታችን አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አምስት ጤና ኬላዎችን ይዞ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። መግቢያው አምስት በር፣ መውጫው አንድ በር ማለት ነው። ለማስቀበር ከጓሮዋ እስከ ጤና ኬላው የተራመደች ሴት ለማስወጣት ሙሉ ቀን፣ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ባሏ ሳያውቅ ያስቀበረችውማ ለዚያ ሙሉ ቀን የሚሆን ምክንያትም መፍጠር አለባት። ደርሳ የምትሰማው «የሠለጠነችው ሲስተር የለችም፣ ለሳምንት ነይ» ከሆነ አገልግሎቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን እየወቀስኩ አይደለም። ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 41 በመቶ ደርሰዋል። ይህን ካመጡት መካከል ቤት ለቤት የዞሩት እነዚያ ሴቶች ዋነኞቹ ናቸው። ጥያቄዬ እቅድ ለሚያወጣው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እዩልኝ፤ ኢምፕላኖን የሚመጣበትን እሽግ። ውስጡ 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት፣ ከክብሪት እንጨት እምብዛም የማትለይ ዘንግ አለች፤ እርግዝና የሚከላከለውን ሆርሞን፣ 68 ሚሊ ግራም ኢቶኖጀስትሬል ይዛለች። ዘንጓ የምትመጣው መቅበሪያው ውስጥ ተጭና ነው። መርፌው ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ነው፣ አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል፣ ቆዳ መቅደድ አያስፈልግም። የሠለጠነች እጅ፣ ጓንት፣ አዮዲንና ትንሽ ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ካለ ሥራው ያልቃል። እሽጉ በር ድረስ የሚመጣው የመግቢያውን ቁልፍ ይዞ ነው።

የመውጫው ቁልፍስ? እሽጉ ውስጥ የለም። ለማውጣት የሚያስፈልገው ሌላ ዕቃ ነው፦ 11 ቁጥር ምላጭ ከነመያዣው፣ ቀጥ ያለና ጎበጥ ያለ ሞስኪቶ ፎርሴፕስ (ቀጭን መቆንጠጫ)፣ ሊዶካይን፣ ሲሪንጅ፣ ስቴራይል ጓንት፣ ጎዝ፣ መሸፈኛ ጨርቅ፣ ቁስል ማጣበቂያ፣ ፋሻ። እነዚህ ከመከላከያው ጋር አይጫኑም፤ በሌላ በጀት፣ በሌላ የግዢ ጥያቄ፣ በሌላ መጋዘን በኩል ነው የሚመጡት፣ ከመጡ። ፎርሴፕሱ ደግሞ ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ ታጥቦ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያ) መግባት አለበት። በጨርቅ የተጠቀለለ ከሆነ በ121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ መሞቂያውና መድረቂያው ሳይቆጠር፣ መብራትም ካለ። አንድ ፎርሴፕስ ያለው ጤና ጣቢያ በቀን ስንት ሴት እንደሚያስተናግድ አስሉት።

ሒሳቡን ወደፊት ልግፋው፤ የግምገማ መድረኮቻችን ሒሳብ ይወዳሉና። አንድ ጤና ኬላ በወር ለ10 ሴቶች ይቀብራል እንበል። አምስቱ 50፣ በዓመት 600 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር «የተጠቃሚ ሽፋን» ተብሎ በሰንጠረዥ ይወጣል፣ ያስመሰግናል። ዘንጓ በተለምዶ ለ3 ዓመት ተብላ ነው የምትቀበረው፤ ስለዚህ ከዛሬ 3 ዓመት በኋላ ያው ጤና ጣቢያ በዓመት 600፣ በወር 50፣ በሥራ ቀን ከሁለት በላይ ማውጣት ይጠበቅበታል። አንዷ ቀድማ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትዘገያለች፤ የተቀበረ ሁሉ ግን መውጣት አለበት። በጤናው ዘርፍ ፍላጎቱ በዚህ ልክ አስቀድሞ የሚታወቅ ሥራ ይኖር ይሆን? ወረርሽኝ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም፤ የዛሬው ዘንግ መውጫ ቀን ግን በካርዷ ላይ ተጽፏል። ይህን ቀን እያወቁ ምላጭ ሳያዝዙ መቆየት የግንዛቤ እጥረት ካልተባለ ቃሉ ለማን ሊቀር ነው?

ማውጣቱ ከባድ ነው የሚለውም ሥራውን በቅርብ ሲያዩት ይቀልላል። ዘንጓ በትክክል ከቆዳ ሥር ከሆነች በጣት ትዳሰሳለች። ባለሙያዋ ሁለቱንም ጫፎች ዳስሳ ታገኛለች፣ ወደ ክርን ያለውን ጫፍ በብዕር ምልክት ታደርጋለች፣ ቦታውን ታጸዳለች። ቀጥላ 1 በመቶ ሊዶካይን ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሊትር ትወጋለች፤ የሚወጋው ከጫፉ ሥር ነው። ከጫፉ በላይ ከተወጋ ቆዳው ያብጥና ዘንጓ ከእጅ ትሰወራለች፤ ብዙ «እንቢ አለኝ» የሚባለው ማውጣት የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በትከሻ በኩል ያለውን ጫፍ በጣት ወደ ታች ትጫናለች፣ የክርኑ ጫፍ ቆዳውን ይገፋል፣ እዚያው ላይ በዘንጓ አቅጣጫ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ትቀድዳለች። ጫፉ ብቅ ሲል በፎርሴፕስ ይያዛል። ነጭ ሽፋን ከሸፈነው በጎዝ ወይም በምላጭ ቀስ ብሎ ይፋቃል፤ ይህን ዘልሎ በጉልበት መጎተት ዘንጓን ይሰብራል። ስትወጣ ትለካለች፤ 4 ሴንቲ ሜትር ካልሞላች ቁራጭ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ማጣበቂያ፣ ላዩ ላይ ለአንድ ቀን ጠበቅ ያለ ፋሻ። የለመደች እጅ ከ5 ደቂቃ ብዙም አይወስድባትም። መቀጠል ለምትፈልግ ሴት አዲሷ በዚያው ቀዳዳ ትገባለች።

የሚከብደው የማትዳሰሰው ናት። ይህች ሲቀበር የተበላሸች ናት። ትክክለኛው ቦታ በማትሠራበት እጅ የውስጥ በኩል፣ ከክርን አጥንት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል ካለው ስርጉድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ያ ስርጉድ የደም ሥርና የነርቭ መተላለፊያ ስለሆነ ነው መራቁ። ቆዳው በመርፌው ጫፍ ከፍ እየተደረገ ካልተገባ ዘንጓ ወደ ጡንቻ ትሰምጣለች። ለዚህ ነው እንደተቀበረ ባለሙያዋም ሴትየዋም በጣታቸው መዳሰስ ያለባቸው፤ ሰከንዶች የሚፈጅ ነገር ነው፣ በዘመቻ ቀን ግን መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። የማትዳሰስ ዘንግ ያለባትን ክንድ በጭፍን መቅደድ ክልክል ነው፤ ነርቭ ሊቆረጥ፣ ጣት ሽባ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ኢምፕላኖን ባሪየም ሰልፌት ስላለው በራጅ ይታያል፣ በአልትራሳውንድም ይገኛል። ታዲያ ለእንዲህ ያለችው ሴት የትኛው ሆስፒታል፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሐኪም? ሪፈራል ወረቀት ላይ «ለተሻለ ሕክምና» ብሎ መጻፍ አድራሻ አይሆንም።

ወደ «የመንደር ወሬ» ልመለስ። ዘንጓ ወደ ልብ ትሄዳለች የሚባለው ወሬ አለ፣ አውቃለሁ። ወሬው ግን ከሰማይ አልወረደም። ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ሳይወጣላት የተመለሰች፣ ሦስተኛው ላይ ክንዷ ተቀድዶ «አልተገኘም» የተባለች ሴት የመንደሩ የጤና መምህር ናት። ከፖስተር ይልቅ እሷ ትታመናለች፤ የሚያምኗትም ልክ ናቸው። እንዲያውም በጥልቀት የተቀበረች ዘንግ ደም ሥር ገብታ ወደ ሳንባ የተጓዘችበት እጅግ ጥቂት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በጣም ብርቅ ነው፣ በደንብ ከተቀበረ አያሰጋም፤ ግን «ተረት ነው» ብሎ የሚያሾፍ ባለሙያ ራሱ ግንዛቤ ይቀረዋል።

«ያለጊዜው» የሚሉትም ነገር አለ። የማን ጊዜ? 3 ዓመት ለዘንጓ የተቀመጠላት የአገልግሎት ጊዜ ነው፤ ሴትየዋ የፈረመችው የሥራ ውል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአገልግሎት ሰጪዎች ባዘጋጀው የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያ ሴት አውጡልኝ ካለች ምክንያቷ ምንም ይሁን ምን መከልከልም ማዘግየትም እንደማይገባ ተጽፏል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት አላቸው ይላል። አቅም ማለት እኮ መጀመርም ማቆምም መቻል ነው። ማቆም የማትችለው ነገር የጀመረች ሴት ከተጠቃሚነት ወጥታለች።

ቀድሞ ማስወጣትን በእውነት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ካለ መንገዱ ያለው ከመቀበሩ በፊት ነው። ሴቶች ቶሎ ከሚያስወጡባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የወር አበባ መዛባት ነው፤ አንዷ ለወራት ጠብ ጠብ ይልባታል፣ ሌላዋ ጨርሶ ትደርቃለች። ሁለቱም እንደሚመጡ ቀድማ የተነገራት ትታገሳለች፤ ያልተነገራት ትደነግጣለች፣ መድረቁን እርግዝና ወይም መካንነት ታደርገዋለች። ደሙ ሲበዛም የሚደረግ ነገር አለ፦ የሚከለክላት ሕመም ከሌለ 800 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ለ5 ቀን፣ ወይም ለእሷ የሚስማማ ከሆነ ጥምር የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ለ21 ቀን። አይቡፕሮፌን ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ሆኖም ደም በዛብኝ ብላ የመጣችው በአብዛኛው የሚሰጣት «ትለምጂዋለሽ» ነው። በቀን ይህን ያህል ቅበሩ ተብሎ ኮታ የተቆረጠለት ባለሙያ የምክሩን ደቂቃ ከየት ያምጣው? ምክሩን የቆረጠው ኮታ ነው፤ ምክር ያላገኘችው ሴት ስትመለስ ደግሞ ግንዛቤ የላትም ይባላል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ይህ ስህተት ዓለም አንዴ የከፈለበት ነው። ከኢምፕላኖን በፊት ኖርፕላንት የሚባል ስድስት ዘንግ ያለው መከላከያ ነበር። ኢንዶኔዥያ ከማንም በላይ በሰፊው ቀበረችው፤ ጊዜው ሲያበቃ ማን ያውጣው የሚለው ችግር ሆኖ መጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ፈቅዳው በማውጣት ችግርና በጎን ጉዳት ክስ በክስ ሆነ፣ በ2002 ከገበያ መውጣቱ ታወጀ። መድኃኒቱ እርግዝና መከላከል አላቃተውም ነበር፤ ስሙን የገደለው ክንድ ውስጥ መቅረቱ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የኢምፕላኖንና የጃዴል (ሌላው በክንድ የሚቀበር መከላከያ) ዋጋ ለድሃ አገሮች በግማሽ ያህል ወርዶ 8.50 ዶላር ገደማ ሲሆን ሁሉም አጨበጨበ፣ መቅበሩ እንደ ጎርፍ ጨመረ። ከዚያ ቅናሽ ጎን ለጎን ለየዘንጉ አንድ ምላጭ ይታሰብ ያለ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

የመከልከሉ ጉዳት በተከለከለችው ብቻ አያበቃም። በ2019ኙ ጥናት ከባለትዳሮቹ 27 በመቶው የመከላከያ መርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን ነበር የሚጠቀሙት። ሪፖርት አቅራቢዎች ይህን «የልማድ ጉዳይ» ይሉታል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ መርፌ አውጪ አያስፈልገውም፣ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ሴቶች ሞኞች አይደሉም፣ ከማንም ደጅ ሳይጠኑ የሚያቆሙትን ነገር መርጠዋል። ምጸቱ ደግሞ ቶሎ መውለድ ለምታስብ ሴት መርፌው አይመችም፤ ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 10 ወር ያህል ይፈጃል። ዘንጓ ግን በወጣች በሳምንት ውስጥ ሆርሞኑ ከደም ይጠፋል። ለእሷ የሚሻለውን እንዳትመርጥ ያስፈራናት እኛ ነን።

የአቅርቦት ችግር የለም አልልም። የአሜሪካ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲቆረጥ አብዛኛው ለአፍሪካ ሴቶች የታሰበ፣ ዘንጎችም ያሉበት 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መከላከያ ቤልጂየም ጊል ከተማ መጋዘን ውስጥ ይቃጠል ተብሎ ሲወሰን አይተናል። መከላከያ የሚያንስበት ዘመን እየመጣ ነው። ግን ዘንግ ባይመጣም በክንድ ላይ ያለው መውጫው አይቀርም፤ እርዳታ ሰጪ ሄደ ማለት ምላጩን ራሳችን እንግዛ ማለት ነው። ምላጭና ጎዝ ለመግዛት ደግሞ የውጭ ጉባኤ አያስፈልግም።

አቅጣጫ ማስቀመጥ ካማረን እንዲህ ይቀመጥ። ዘንግ ለጤና ጣቢያ ሲላክ የማውጫው ዕቃ በዚያው የጥያቄ ቅጽ ላይ፣ በዚያው መኪና ይላክ፤ አላቂው በዘንጉ ቁጥር ልክ፣ ፎርሴፕሱ ቢያንስ አራት አምስት ስብስብ። የምትዳሰሰዋን ዘንግ ማውጣት ደረጃ 4 የደረሱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በክንድ ሞዴል ላይ ተለማምደው፣ ከዚያ በጤና ጣቢያዋ ሲስተር ፊት ሠርተው ይቀበሉት፤ መቅበር የቻለች እጅ ማውጣትም ትማራለች። የማትዳሰሰው የምትላክበት ሆስፒታል በስም ይታወቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይመደብላት። ማውጣት ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሁን፤ «የቤተሰብ ዕቅድ ቀን ሐሙስ ነው» የሚል ወረቀት ከበር ይነሳ። ደግሞ መዝገባችን ያገለገለችውን እንጂ የተመለሰችውን አይቆጥርም፤ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ ለማስወጣት መጥታ ሳይወጣላት የሄደች፣ ምክንያቱ። ከሁሉ የምፈራው ይህ ዓምድ እንዳይጨመር ነው፤ መድረኩ ላይ የሚጨበጨብበት ቁጥር አይሆንምና።

በሚቀጥለው ግምገማ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ሊጽፍ ብዕር ያነሳ ሰው አስቀድሞ ለአንድ ጤና ጣቢያ ይደውልና 11 ቁጥር ምላጭ ስንት እንደቀረ ይጠይቅ።